ደወሉ ሲጮህ ስንት ደቂቃ? የነርሲንግ ሆም እንክብካቤን በራስ ዓይን መመዘኛ

አክስቴን ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም አቅም ያጡ አረጋውያን በነርስና በተንከባካቢ የሚጦሩበት ቤት፣ ለማስገባት የወሰንነው በአርባ ደቂቃ ውስጥ ነው። እንግዳ መቀበያው ያምራል። ዓሣ የሚዋኝበት ትልቅ መስታወት አለ፣ ጥግ ላይ ፒያኖ አለ፣ አበባው ትኩስ ነው። ያስጎበኘችን ሴትዮ ደግሞ ስታወራ ታሳምናለች። ፈረምን።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ እሑድ ማታ ሳልደውል ሄድኩ። የአክስቴ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የውሃው ጆግ ግን ሙሉ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ የነካው የለም። የተቀመጠበት ጠረጴዛ ያለው ከአልጋው ግርጌ ነው። አክስቴ ደግሞ ያለ ሰው እርዳታ ከትራሷ ቀና ማለት አትችልም። ማንም አልጨከነባትም። አንዷ ወለል ስታጸዳ ጠረጴዛውን ገፋ አደረገችው፤ ከዚያ በኋላ የገቡት ሁሉ ጆጉ መሙላቱን እያዩ ወጡ። መዝገቡ ላይም "ውሃ ቀርቧል" ተብሎ ተጽፏል።

ከዚያ ወዲህ ለዘመድም ለጓደኛም ብዬ ብዙ ቤት አይቻለሁ። ዓሣውንና ፒያኖውን ማየት ትቻለሁ። አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ያለ ሰው አንድ ነገር ሲያስፈልገው ስንት ደቂቃ ይጠብቃል? ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ማስታገሻ፣ ጎን መቀየር፣ መልስ። ከታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ይህንኑ ከተለያየ አቅጣጫ መለኪያ ናቸው። ሰዓትና ትንሽ ደብተር ያዙ።

1. መጀመሪያ የራሳችሁን ሰው ጻፉ

ቤት ማየት ከመጀመራችሁ በፊት ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ የሰውዬውን ቀንና ሌሊት ጻፉ። ከአልጋ ለመነሳት አንድ ደጋፊ ይበቃል ወይስ ሁለት? ሲበሉ ትን ይላቸዋል? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነቃሉ? ኢንሱሊን ይወጋሉ? የመርሳት በሽታ ካለ፣ በር ከፍተው የመውጣት ነገር አላቸው?

ይሄ ወረቀት ከሌለ ጉብኝቱ ሁሉ ዝም ብሎ ሽርሽር ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ለጥቂት ሳምንት ፊዚዮቴራፒ የሚገቡ ሰው የሚፈልጉት ሌላ፣ የመርሳት በሽታቸው ገፍቶ ቀሪ ዘመናቸውን እዚያ የሚኖሩ ሰው የሚፈልጉት ሌላ። ለጓደኛችሁ አባት የተስማማው ቤት ለእናንተ እናት ላይሆን ይችላል።

ራሳቸውንም ጠይቁ። ቤተሰብ ይሄን ይዘለዋል። "እዚያ ብትገቢ ምኑን ነው የማትችይው?" ብዬ አክስቴን ቀድሜ ብጠይቃት ኖሮ "ወንድ እንዲያጥበኝ አልፈልግም" ትለኝ ነበር። ያወቅነው በኋላ ነው፣ ለአሥር ቀን ገላዋን አልታጠብም ብላ "አስቸጋሪ" ተብላ ከተመዘገበች በኋላ።

2. የቁጥጥር ሪፖርቱን አንብቡ

በብዙ አገር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ፣ የፍተሻ ውጤቱም ለሕዝብ ክፍት ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ለነርሲንግ ሆሞች ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። እንግሊዝ ውስጥ ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን የተባለው ተቆጣጣሪ በ4 ደረጃ ይመድባቸዋል።

ጠቅላላ ኮከቡን አይታችሁ አትለፉ። የአሜሪካው ኮከብ ከሦስት ነገር ይሰላል፦ ከፍተሻ፣ ከሠራተኛ ብዛትና ከጥራት መለኪያዎች። ከጥራት መለኪያዎቹ ብዙዎቹ ቤቱ ራሱ ስለ ነዋሪዎቹ ከሚሞላው መረጃ የሚወጡ ናቸው። ራስህ ፈትነህ ራስህ እንደማረም ነው። እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ተቆጣጣሪዎቹ ድንገት ገብተው ላዩትና ለሠራተኛ ብዛቱ ነው።

ከዚያ ዝርዝሩ ውስጥ ግቡ። አንድ ጥፋት አንዴ ተገኝቶ ከታረመ ብዙ አያሳስብም፤ ፍጹም ቤት የለም። ያው ጥፋት በተከታታይ ሁለት ፍተሻ ከተደገመ ግን ነገሩ ልማድ ሆኗል ማለት ነው። የፍተሻውን ቀንም እዩ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ከተቀየረ የምታነቡት ስለ ሌላ ቤት ነው።

ያላችሁበት አገር ሪፖርት በይፋ የማይወጣ ከሆነ "የመጨረሻውን የፍተሻ ውጤት ልይ" ብላችሁ ቤቱን ጠይቁ። ፋይሉን አውጥታ "እዚህ ጋ ጥፋት ተገኝቶብን ነበር፣ እንዲህ አስተካከልን" ያለችኝ ኃላፊ አለች። "እሱ የውስጥ ሰነድ ነው" ያለኝም አለ። ሁለተኛው ቤት ተመልሼ አልሄድኩም።

3. ሁለት ጊዜ ሂዱ፣ አንዱን ሳትናገሩ

የመጀመሪያው በቀጠሮ ይሁን፤ ኃላፊዎቹን ለማግኘት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሳይታሰብ፣ በተለይ ቅዳሜ ወይም እሑድ አመሻሹ ላይ። ያኔ አለቆቹ የሉም፣ ፈረቃ ይቀያየራል፣ ሠራተኛ ይሳሳል። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ደግሞ መረበሽ የሚብስባቸው ቀኑ መምሸት ሲጀምር ነው። ቤቱ የሚፈተነው እዚያ ሰዓት ላይ ነው።

ስለ ሽታ አንድ ነገር ልበል። ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚለው "ይሸት ነበር፣ አይሸትም ነበር" ነው። አንድ ክፍል አጠገብ ለጥቂት ደቂቃ የሚሸት ነገር አያስደነግጥ፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ተመልሳችሁ ስታልፉ ከጠፋ አንድ ሰው ደርሶላቸዋል። ኮሪደሩን ሙሉ የያዘ፣ ሶፋው ውስጥ የገባ የሽንት ሽታ ግን የቆየ ነው። ከመግቢያው ጀምሮ አፍንጫ የሚወጋ ሽቶ የሚረጭበት ቤትም ያጠራጥረኛል።

"ሁሉንም ክፍል ማየት አይቻልም" ቢሏችሁ ልክ ናቸው፤ የሰው መኝታ ቤት ነው። "ያኛውን ፎቅ ማየት አይቻልም" ካሉ ግን ምክንያቱን ጠይቁ። ከተቻለ በብዛት የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሰዎች ያሉበትን ፎቅ እዩ። የሚያስጎበኟችሁ ደህና የሆኑት ያሉበትን ነው።

4. ደወሉን በሰዓት ለኩ

ከሁሉም የምተማመንበት ፈተና ይሄ ነው። ኮሪደር ውስጥ ወንበር ፈልጋችሁ ቁጭ በሉ። በብዙ ቤቶች ከየክፍሉ በር በላይ ትንሽ መብራት አለች፤ ውስጥ ያለው ሰው የጥሪ ደወሉን ሲጫን ትበራለች። አንዷ ስትበራ ሰዓታችሁን እዩ።

አንድ ቀን እንዲህ አየሁ። መብራቷ በራች። በሦስተኛው ደቂቃ አንዲት ልጅ እየተጣደፈች ገባች። መብራቷ ጠፋች። ልጅቷ ወጣች። ጎበዝ ብዬ ደብተሬ ላይ 3 ጻፍኩ። ወዲያው ከውስጥ ቀጠን ያለ ድምፅ "ልጄ... ልጄ..." ማለት ጀመረ። ለካ ልጅቷ ያደረገችው ደወሉን ማጥፋት ብቻ ነው። "መጣሁ እማማ" ብላ ወደ ሌላ ክፍል ሄዳለች። ሴትዮዋን ሽንት ቤት የወሰዷቸው ደወሉን ከተጫኑ ከ22 ደቂቃ በኋላ ነው። ለቤቱ ቆጣሪ ግን ጥሪው በ3 ደቂቃ ተዘግቷል።

ስለዚህ የምትለኩት መብራቱ እስኪጠፋ ሳይሆን ሰውዬው የፈለገውን እስኪያገኝ ድረስ ነው። በልጅቷ አልፈርድም፤ እሷ ብቻዋን ስንት ክፍል እንደምትሮጥ ቆጥሬያለሁ። የምፈርደው እሷን ብቻዋን ባሰማራው ቤት ላይ ነው። በእኔ መለኪያ ሽንት ቤት ለሚፈልግ ሰው ከ10 ደቂቃ በላይ ረጅም ነው። አንዴ ከሆነ ሌላ ክፍል ውስጥ የወደቀ ሰው ይኖራል እላለሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት አራቴ ከተደጋገመ ሰው አንሷቸዋል።

የደወሉን ገመድም እዩ። አልጋው ጀርባ ወድቋል? ስትሮክ የመታቸው ሰው በማይሠራው እጃቸው በኩል ታስሯል? ገመዱ የማይደረስበት ሰው በጸጥታ ነው የሚጠብቀው፣ የማንም ቁጥር ውስጥ አይገባም።

ሽንት ቤት ላይ ይህን ያህል መቆየቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የሚመጣ ያጡ አዛውንት ራሳቸው ለመሄድ ይነሳሉ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እንዲህ ነው። የማይነሱት ደግሞ እርጥብ ላይ ይተኛሉ፣ ቆዳቸው ይላላል። መፍትሔው ለሁሉም ዳይፐር ማድረግ የሆነባቸው ቤቶች አሉ። ደግፎ ለሚወስዳቸው ሰው ቢኖር መሄድ የሚችሉ ሰው ዳይፐር ውስጥ ሲውሉ ቀስ በቀስ መሄዱንም ይረሱታል። "ሽንት ቤት መሄድ የሚችሉትን በየስንት ሰዓቱ ትወስዳላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። "እንደየሰዉ ነው፣ እሳቸውን ለምሳሌ ከቁርስ በኋላና ከመተኛታቸው በፊት..." የሚል መልስ ደስ ይላል።

5. አንድ ምግብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልከቱ

የምግብ ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ አንብባችሁ አትመለሱ። ሰሃኑ ሲመጣና ሲነሳ እዩ።

ራሳቸው መጉረስ የማይችሉትን የሚያጎርሰው ሰው ቁጭ ብሎ ነው ወይስ ቆሞ? ቆሞ የሚያጎርስ ሰው ይቸኩላል፣ አዛውንቱም ሽቅብ ለማየት አንገታቸውን ያቀናሉ፣ ያኔ ምግብ ወደ አየር ቧንቧ መግባት ይቀለዋል። የፊተኛው ጉርሻ ሳይዋጥ ሁለተኛው ይከተላል? አንድ ሰው ሁለት ሦስት ሰው እያፈራረቀ ያጎርሳል? ተኝተው የሚበሉ አሉ? የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መብላት አለበት፤ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ ቢቆይ ይመከራል።

ከዚያ ሰሃን ሲነሳ ጠብቁ። ያልተነካ ሰሃን አንስቶ ዝም ብሎ የሚሄድና "ምነው አልጣመዎትም? ሌላ ላምጣ?" የሚል ሰው ልዩነታቸው ሰማይና ምድር ነው። የቀረውን የሚጽፍ ሰው ካለ ደግሞ የተሻለ።

ክብደት ላይ ሁለት ቁጥር ያዙ። በአንድ ወር 5 በመቶ፣ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ ክብደት ሳይታሰብ መቀነስ በዚህ ሙያ ከባድ ምልክት ነው። 60 ኪሎ የነበሩ እናት በወር 3 ኪሎ ከቀነሱ "እርጅና ነው" ተብሎ አይታለፍም። ቤቱን እንዲህ ጠይቁ፦ በየስንት ቀኑ ትመዝናላችሁ? ሲቀንስ ለማን ትነግራላችሁ? ምን ታደርጋላችሁ? የመጨረሻው ላይ "ሐኪም እናማክራለን፣ የአፍ ሁኔታ እናያለን፣ የምግቡን ዓይነት እንቀይራለን" የሚል ነገር መስማት አለባችሁ።

ውሃውን እኔ አልረሳውም። ሰው ሲያረጅ የጥም ስሜቱ ይደክማል፤ ስላልጠየቁ አልጠማቸውም ማለት አይደለም። ክፍል ውስጥ ስትገቡ ብርጭቆው ከእጃቸው ስንት ስንዝር እንደሚርቅ እዩ። ቢይዙትስ ያነሱታል? ከባድ ጆግ ለሚንቀጠቀጥ እጅ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሥዕል ነው።

አፍ ውስጥም እዩ፣ ካልከበዳችሁ። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው አፋቸው ውስጥ ነው ወይስ ኩባያ ውስጥ ደርቋል? ምላሳቸው ላይ የተጋገረ ነገር አለ? አፉ የማይጸዳ ሰው፣ በተለይ መዋጥ የሚቸግረው ከሆነ፣ ለሳንባ ምች ይበልጥ ይጋለጣል። ሠራተኛ ሲያጥር ቀድመው ከሚዘለሉት ሥራዎች አንዱ አፍ ማጽዳት ነው። የጎደለውን ቀድሞ የሚያሳያችሁም እሱ ነው።

6. ቆዳን ጠይቁ

በአንድ ጎን ብዙ ሰዓት በመተኛት ወይም በመቀመጥ የሚመጣው የመኝታ ቁስል በ4 ደረጃ ይከፈላል። የመጀመሪያው ቆዳው ሳይከፈት ሲቀላና በጣት ሲጫኑት ሳይነጣ ሲቀር ነው። አራተኛው እስከ ጡንቻና አጥንት የሚደርስ ነው። የሚወጣው አጥንት ለቆዳ በሚቀርብበት ቦታ ነው፦ ተረከዝ፣ ታፋ ጎን፣ ከወገብ በታች ያለው የመቀመጫ አጥንት፣ ክርን።

ለእኛ ቢጤዎች አንድ አስፈላጊ ነገር አለ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከአካባቢው ይልቅ የጠቆረ ወይም ሐምራዊ የመሰለ ቦታ ፈልጉ። በእጅ ስትነኩት ሞቅ ወይም ቀዝቀዝ ይላል? ጠንክሯል ወይስ ላልቷል? ያማቸዋል? ነርሷንም "በጠቆረ ቆዳ ላይ እንዴት ነው የምትለዩት?" ብላችሁ ጠይቋት። ስታስረዳችሁ ገና በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ታውቁታላችሁ።

ኃላፊውን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አሁን ስንት ሰው የመኝታ ቁስል አለበት? ከእነሱ ውስጥ ስንቱ እዚህ ከገቡ በኋላ የወጣባቸው ናቸው? ከሆስፒታል ቁስል ይዘው የሚመጡ አሉ፣ ያ በቤቱ አይፈረድበትም። ሁለተኛው ቁጥር ነው የቤቱ።

ጎን ስለመቀየርም ጠይቁ። በየ2 ሰዓቱ የሚለው የተለመደ መነሻ ነው፣ ግን እንደ ሰውዬውና እንደ ፍራሹ ይለያያል። ሰውዬው ለመኝታ ቁስል ምን ያህል እንደሚጋለጥ ለማወቅ የሚሞላ መመዘኛ አለ፣ ብሬደን ይባላል፤ ነጥቡ ከ6 እስከ 23 ነው፣ ሲያንስ አደጋው ይጨምራል፣ በተለምዶ 18 እና ከዚያ በታች ያለ ሰው ተጋላጭ ይባላል። "የእናቴ ብሬደን ስንት ነው?" ብላችሁ ስትጠይቁ ፊታቸው ላይ የሚታየው ነገር ብዙ ይነግራችኋል። መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ቀለበት መሰል ትራስ ላይ ካስቀመጧቸው ደግሞ ዕውቀታቸው አርጅቷል፤ በዙሪያው ያለውን የደም ዝውውር ስለሚያፍን አይመከርም።

7. ሠራተኞቹን ቁጠሩ፣ ከዚያ አናግሩ

"ለስንት ነዋሪ ስንት ተንከባካቢ አለ?" የሚለው ጥያቄ ጎደሎ ነው። ብሮሹሩ ላይ ያለውን ይነግሯችኋል። በደንብ ጠይቁ፦ ዛሬ ማታ፣ በዚህ ፎቅ፣ ስንት ተንከባካቢ፣ ስንት ነርስ? ሌሊትስ? አንዱ ታምሞ ቢቀር ማን ይተካዋል? ከኤጀንሲ የሚመጡ ተተኪዎች ብዙ ከሆኑ የእናታችሁን ስም እንኳ የማያውቅ ሰው ነው የሚያጥባቸው።

ቀጥሎ ቆይታ ነው። ሥራ አስኪያጁን ሳይሆን አልጋ የምታነጥፈዋን "እዚህ ስንት ጊዜሽ ነው?" በሏት። ስድስት ሰው ጠይቃችሁ ከመካከላቸው ዓመት የሞላው አንድም ካልተገኘ ጥያቄያችሁ ተመልሷል። ዋና ነርሷ በዓመት ሁለት ሦስቴ የምትቀየርበት ቤትም እንደዚያው። ጥሩ ቤቶች ያንኑ ተንከባካቢ ለእነዚያው ሰዎች ለመመደብ ይጥራሉ፤ ትናንት እንዴት እንደዋሉ የሚያውቅ ሰው ነው ዛሬ መለወጣቸውን የሚያየው።

የቀረው በዓይን የሚታይ ነው። አንኳኩተው ይገባሉ? ሲያለብሱና ሲያገላብጡ በሩ ወይም መጋረጃው ተዘግቷል? ሁለት ሠራተኞች ሰው መሃላቸው አስቀምጠው ስለ ቅዳሜ ፕሮግራማቸው ያወራሉ? ከአንዱ ክፍል ወጥተው ሌላው ሲገቡ እጃቸውን ያጸዳሉ? አንዲት ልጅ አይቻለሁ፣ ዊልቸሩን ከመግፋቷ በፊት ፊት ለፊት መጥታ በርከክ ብላ "አባባ፣ አሁን ወደ መስኮቱ ልንሄድ ነው፣ እግርዎን ከፍ ያድርጉልኝ" አለች። አራት ሰከንድ ቢወስድ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ ከኋላ የተገፋ ሰው እንዴት እንደሚደነግጥ ካያችሁ የአራት ሰከንዱ ዋጋ ይገባችኋል።

8. መድኃኒትና ማሰር

ከሰዓት በኋላ ገብታችሁ ሳሎን ያለው ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት አንገቱን ደፍቶ ቢያንቀላፋ ጸጥታው አያታልላችሁ። የመርሳት በሽታ ያለባቸውን የሚረበሹ ሰዎች ለማረጋጋት ተብለው የሚሰጡ ለአእምሮ ሕመም የተሠሩ መድኃኒቶች አሉ፤ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒን፣ ኩዌታፒን የመሳሰሉ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 እነዚህ የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን የመሞት አደጋን እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል። አንዳንዴ ያስፈልጋሉ፣ አልካድኩም። ግን ስንት ነዋሪ እንደሚወስድ፣ ቤተሰብ ተጠይቆ እንደሆነ፣ በየስንት ጊዜው ለመቀነስ እንደሚሞከር ጠይቁ። ከመድኃኒቱ በፊት ምን እንደሚሞክሩም ጠይቁ። የሚረበሸው ሰው ብዙ ጊዜ አሞት ነው፣ ሽንቱ መጥቶበት ነው፣ ወይም ሆዱ ደርቆበት ነው።

ማሰር የሚባለው ገመድ ብቻ አይደለም። ሰውዬው ራሱ ሊፈታው የማይችለው የወንበር ቀበቶ፣ ፊት ለፊት የሚቆለፍ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ተገፍቶ ፍሬኑ የተያዘ ዊልቸር፣ ለመከልከል ተብሎ የተነሳ የአልጋ አጥር፤ ሁሉም ያው ናቸው። የአልጋ አጥር ሰው መሃሉ ተይዞ ሊጎዳበት ይችላል፤ ዘሎ ለመውረድ የሞከረም ከከፍታ ይወድቃል።

ስለ መውደቅ ስትጠይቁ "እዚህ ማንም ወድቆ አያውቅም" ካሏችሁ ወይ ይዋሻሉ ወይ ሰዉን አስረውታል። የምትፈልጉት "ባለፈው ወር ይህን ያህል ወደቁ፣ ከዚያ በኋላ ለእሳቸው አልጋውን ዝቅ አደረግን፣ ጫማ ቀየርን፣ የእንቅልፍ ኪኒኑን ሐኪም አየው" የሚል መልስ ነው።

9. እዚያ የሚኖሩትን ጠይቁ

"ደህና ይይዟችኋል?" አትበሉ። "እግዚአብሔር ይመስገን" ይሏችኋል፣ ያልቃል። "ሌሊት ሲነቁ ምን ያደርጋሉ?" በሉ። "ትናንት ገላዎን ማን አጠበዎት?" "ትንሽ ሲያምዎት ለማን ይነግራሉ?" መልሱ ከዚህ ይወጣል። ሠራተኛ ሲገባ ወሬ ካቋረጡ ያንንም ጻፉ።

መናገር የማይችሉትን ሰውነታቸውን እዩ። ጥፍር፣ ጺም፣ የመነጽር መስታወት፣ የጆሮ መሣሪያው ባትሪ። እነዚህን ያስተዋለ ሰው ሌላውንም ያስተውላል። ሊጠይቅ የመጣ ቤተሰብ ካገኛችሁ ደግሞ መኪና ማቆሚያው ጋ አናግሩት። ውስጥ ሰው ቁጥብ ነው።

የመዝናኛ ፕሮግራሙ ላይ ብዙ አልቆይም። ግድግዳው ላይ "9 ሰዓት፦ ሙዚቃ" ከተባለ በ9 ሰዓት ሂዱና ሙዚቃ መኖሩን እዩ።

10. ውሉን ለሌላ ሰው አስነብቡ

እናንተ ደክማችኋል፣ ተጨንቃችኋል። ያልተጨነቀ ሰው ያንብብላችሁ። ወርሃዊው ክፍያ ምን ይይዛል፣ ዳይፐርና ልብስ ማጠብ ለብቻ ነው? ሆስፒታል ቢገቡ አልጋው ስንት ቀን ይጠበቃል? ቤቱ በምን ምክንያት ውጡ ሊል ይችላል፣ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ? ገንዘብ ቢያልቅስ? ፈራሚው ቤተሰብ ለዕዳው በግሉ ተጠያቂ የሚሆንበት አንቀጽ ካለ ሕግ አዋቂ ሳይጠየቅ እንዳይፈረም።

11. ካስገባችሁ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ወር

ምዘናው የሚጀምረው እዚህ ነው ብል ይቀለኛል። በተለያየ ሰዓት ሂዱ፤ ሁሌ ቅዳሜ 8 ሰዓት የሚመጣ ቤተሰብ ቅዳሜ 8 ሰዓትን ብቻ ነው የሚያውቀው። የገቡበትን ቀን ክብደት ጻፉ። ሲገቡ ቆዳቸው ምን እንደሚመስል ከነርሷ ጋር አብራችሁ እዩና መዝገብ ላይ መጻፉን አረጋግጡ። የእንክብካቤ ዕቅዱ ሲዘጋጅ ስብሰባው ላይ ተገኙ፣ በእርምጃ 1 የጻፋችሁትን ወረቀት ይዛችሁ።

ቅሬታ ሲኖር መጀመሪያ ለፈረቃው ነርስ፣ ካልሆነ ለዋና ነርሷ፣ ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ፣ ካልተፈታ ለተቆጣጣሪው ነው። አጻጻፉ ላይ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። መጀመሪያ "አክስቴን ችላ ብላችኋታል" ብዬ ጻፍኩ፤ ይቅርታ የሞላበት ረጅም ደብዳቤ መጣልኝ፣ የተቀየረ ነገር የለም። ቀጥዬ "እሑድ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ከአልጋው ግርጌ ነበር፣ እጇ አይደርስም፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ከአሁን በኋላ በቀኝ እጇ በኩል፣ ክዳንና ጆሮ ባለው ኩባያ ይቀመጥላት፣ ይህም ዕቅዷ ላይ ይጻፍ" አልኩ። በማግስቱ ተጻፈ። ቀን፣ ሰዓት፣ ያያችሁት፣ የምትፈልጉት።

ጊዜ የማይሰጡ ነገሮች አሉ። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ድንገት ከተምታታባቸው፣ ወይም አልነቃ ካሉ፣ እርጅና አይደለም፤ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው። ሁለቱም ክንድ ላይ የጣት አሻራ የሚመስል ሰንበር፣ እንዴት እንደመጣ ሲጠየቅ የሚለዋወጥ መልስ፣ አንድ የተወሰነ ሠራተኛ ሲገባ መሸማቀቅ፣ የጠፋ ገንዘብ ወይም ጌጥ ካያችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ለተቆጣጣሪውና እንደ ነገሩ ለፖሊስ አሳውቁ። ቤቱ ራሱን መርምሮ እስኪጨርስ አትጠብቁ።

ከዚህ ለቀለለ ጥፋት ግን ቶሎ አታዛውሩ። መዛወር ራሱ ያደክማቸዋል፣ በተለይ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን። እኔ የተጻፈ ቅሬታ አስገብቼ ሁለት ሳምንት እሰጣለሁ። ያው ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ሲደገም ሌላ ቤት መፈለግ እጀምራለሁ፣ ለማንም ሳልናገር። አክስቴን አላዛወርናትም። አሁንም ስገባ ግን ከሰላምታ በፊት ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ኩባያው ጋ ነው፤ እሷም ታውቃለች፣ "ጠጥቻለሁ፣ ና ሳመኝ" ትላለች።